ያልጠፋው ሰሌዳ

አስከሬኑን ጭኜ ያሻገርኩት እኔ፤
ከአቻኦ ወደብ እስከ አላኦ ደሴት፣
ሁለት ሰዓት መንገድ፣ በሐምሌ ዶፍ ዝናብ።
በደረት ኪሱ ውስጥ ስባሪ ጠመኔ
ተገኝቷል አሉና ሰጡኝ ላደርስለት።
ለማን እንደማደርስ ማንም አልነገረኝ።

መምህር ቤላርሚኖ፣ ቤላርሚኖ ኮሊቦሮ፤
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በአንዲት ክፍል ኖሮ፣
ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ በአንድ ምድጃ ዙሪያ
ሰብስቦ ያስተማረን፤ እርጥብ ካልሲያችንን
ከእሳቱ በላይ በገመድ አስጥቶ፣
«ግጥምም እንደ ካልሲ ነው» ይለን ነበር ስቆ፣
«ሳይደርቅ አታጥልቀው፤ ያሳምምሃል ቆይቶ።»

ቀይ እስክሪብቶ አይነካም። ጥፋቴን ሲያጠፋ
በላጲስ ነበረ፣ ወረቀቱን ሳያስከፋ።
«ሐዘን» ብዬ ብጽፍ «የታለ?» ይለኛል፤
«የት ተቀምጧል? ምን በልቷል ዛሬ?
እጁስ ምን ይሠራል?»
ሐዘን ልፈልግ ወደ ውኃው ወረድኩ፤
አባቴን አየሁት፣ የሰጠመ ወንድሙን
መረብ ሲጠግነው፣
ቋጥሮ የጨረሰውን መልሶ ሲፈታው።
ያንን ጻፍኩለት። አንድ ቃል አልወጣውም፤
ከረመጡ ውስጥ ድንች አወጣና
ከሁለት ገመሰው፣ ትልቁን ሰጠኝ።

ከእኔ ገጣሚ አልወጣም። የናፍጣ ሽታ ነኝ፤
ሞተር እፈታለሁ፣ ትኬት እቆርጣለሁ።
እሱ ግን ሲሳፈር፣ በጀልባዬ አፍንጫ
በኮቱ ውስጥ እንደ ጎመን ተጠቅልሎ፣
«ዛሬስ ምን አየህ?» ነው ሰላምታው።
«ደህና ነኝ» ብለው አይበቃውም።
ስለዚህ አንድ ነገር ይዤ መጠበቅ ለመድኩ፦
ወንበር ስር የተረሳ የሕፃን ጓንቲ፤
የአሳማ ግልገል በጆንያ አዝላ
ማዕበሉን የምትሳደብ አሮጊት።
እንግዲህ ማን ሊጠይቀኝ ነው?
ያየሁትን ሁሉ ከየትኛው ወደብ ላራግፈው?

ያሳተመው መጽሐፍ አንዲት ናት፣ ስስ ናት፤
ሁለት መቶ ቅጂ። ግማሹን ሻጋታ፣
ሩቡን አይጥ በላው። የቀረው በየቤቱ
ከናዝራዊው ሥዕል ስር፣ ከመብራት ደረሰኝ ጋር።
ዋና ከተማው ስሙን አልሰማም፤
መልሕቅ የሚጥል ሰው ግን በኛ ባሕር ላይ
ገመዱ እስኪያልቅ ድረስ ቃሉን ያነበንባል፣
የማን እንደሆነ ረስቶት።

ክፍሉ ክፍት ነበር። ሰሌዳው እንዳለ።
ሰኔ ላይ ሕመሙ ከእጁ የነጠቀው
አንድ መስመር ብቻ፦
«ባሕሩ ሲሸሽ ትቶልን የሚሄደው»
ከዚያ ወዲያ ጥቁር።
አምስት ሳምንት ሙሉ ማጥፋት ያልደፈረች
ተተኪዋ መምህርት፣ መደመር መቀነስ
በመስኮቱ መስታወት፣ በትንፋሽ ጉም ላይ
በጣቷ ታስተምር ነበር።

መቃብሩን በደቦ ቆፈርን፤ ጭቃው ይናዳል፣
ደግመን እንቆፍራለን። ከቀብር መልስ
ጫማችን እንደጨቀየ ክፍሉን ሞላነው።
ማንም መናገር አልቻለም፤ ግጥም የሚያነብልን
የነበረው እሱ ነዋ።
ጠመኔውን በኪሴ ሳሸው ኖሬ
ጣቶቼ ነጥተዋል። የማንሲያ ልጅ ኤዴሊያ፣
ሰባት ዓመቷ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣
ጣቴን አየችና እጇን ዘረጋችልኝ።
ወንበር ላይ ወጣች። በጠማማ ፊደል
ከመስመሩ ጫፍ ላይ
«ራት ነው» ብላ ጻፈች።

እውነቷን ነው። ባሕሩ ሲሸሽ እናቶቻችን
ባልዲ ይዘው ይወርዳሉ፣ ከአሸዋው
ዛጎል ሊቆፍሩ። ቀድሞ የሳቀው
ሳጥኑን የጠረበው ሽማግሌ ኦሬስቴ ነው፤
ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረበት።
እኛም ተከተልነው፣ በሁለቱም።

ሰሌዳው አሁንም አልጠፋም።
መምህርቷ ሌላ ሰሌዳ አስመጥታለች፣
በኔው ጀልባ፣ በነጻ።
ጠመኔውን ግን ኤዴሊያ አልመለሰችልኝም፤
እኔም አልጠየቅኳት።