ያልተጋጨ ነገር

ጠባሴ፣ አስፋልት ዳር፣ ጋራዥ አለኝ ጠባብ፤
ከጣርማ በር ቁልቁለት፣ በገመድ ሲሳብ
የሚመጣው ሁሉ እኔ ዘንድ ያርፋል፤
ላሜራው ይቀናል፣ ስቱኮ ይለጠፋል፣
ቀለም ይቀባና ወደ መንገድ ያልፋል።
ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የኖርኩት፤
ሳይጋጭ የመጣ አንድም አላየሁት።

ኅዳር ነበር፤ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ፣
መምህር እንግዳሸት፣ ፊዚክስ አስተምሮ ወጥቶ፣
በሬን አንኳኳና «ጅራት ትሠራለህ?» አለኝ።
«የምን ጅራት?» አልኩት። ዝም ብሎ ወሰደኝ።

ከቤቱ ጓሮ ላይ፣ ከቆርቆሮው ዳስ ሥር፣
አምስት ዓመት ሙሉ የሠራው አውሮፕላን ነበር።
ዳሱ አልበቃ ቢል፣ ጅራቱን ከውጪ ለውርጩ የተወው፣
የማዳበሪያ ጆንያ አልብሶ በሲባጎ ያሰረው።

የቆመው ክንፍና የተኛው በሚገናኙበት
ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለበት።
«ነፋስ እዚህ ሲደርስ መውጫው ይጠፋዋል፤
ዞሮ፣ ዞሮ፣ ዞሮ፣ ጅራቱን ይይዛል፤
ሽፋን ካበጀህለት ሳያውቀው ያልፋል።»

ገባኝ። የቤቴ በር ከሥር ክፍተት አለው፤
ሌሊት ሲያፏጭብን የሚያድረው ይህ ነው።

የፍሪጅ ማሸጊያ ፎም ቆርጠን ሞረድንለት፤
ቅርጹን ሲይዝልን ፕላስተር አለበስንለት።
የመስታወት ጨርቁን በመቀስ ቆረጥን፣
ሬዚን በብሩሽ እያጠጣን አነጠፍን፤
አንድ ድርብ፣ ሁለት ድርብ፣ ሦስት፣ አራት፤
አየር እንዳይቀርባት በማንኪያ ጀርባ እየጫንናት።

ጨርቅ ቢሉት ጨርቅ ነው፣ እሾሁ አይታይም፤
ሦስት ቀን ክንዴን ፎከትኩ፣ ሳሙናም አልረዳኝም።
አሰገደች አየችኝና «ቁንጫ ነው ወይስ ቅናት?» አለች፤
«መስታወት ለብሼ ነው» ብላት፣ ሳቋን ለቀቀች።

ግን ሬዚኑ እምቢ አለ፤ ብርዱን አልቻለውም፤
ማድረቂያ ጨመርን፤ አሁንም አልረጋም።
በሁለተኛው ሌሊት፣ ጣት ሲከተል እንደ ማር፣
ቤት ሄጄ ብርድ ልብስ አመጣሁ፤ የሠርጌ ነበር፣
የዚሁ የከተማችን ፋብሪካ ሱፍ፣ ቀይ መስመር ያለው።
ጅራቱን ጠቀለልኩ፤ ከሥሩ አምፖል አበራሁ፤
ጋቢ ደርበን ስናድር፣ አሰገደች ስትነጫነጭ ሰማሁ።

ጠዋት ስንፈታው እንደ ቀንድ ጠንክሯል፤
ብርድ ልብሱ ግን በአንድ ጠርዝ ተጣብቆ ይዟል፤
ስንገነጥለው አንዲት ቀይ ክር ቀረች፤
በብርጭቆ ወረቀት ብንፈገፍጋት፣ ይብሱን ፈካች።
«ተዋት» አለ መምህሩ፤ «ስንት ትመዝናለች?
ከቀለሙ ሥር ናት፤ ለማን ትታያለች?»

ከዚያ መግጠሙ መጣ፤ እሱ ባሰ ከሁሉ።
ግራው ሲተኛልኝ፣ ቀኝ መነሣት ነው አመሉ፤
ቀኙን ስጫን ደግሞ ግራው ያኮርፋል።
መሪውን እንዳይነካ፣ መምህሩ ከኪሱ አንድ ብር ሳንቲም ያወጣል፣
በስንጥቁ ዙሪያ ቀስ ብሎ ይነዳታል፤
ከተያዘች ጠባብ፣ ከወደቀች ሰፊ።
«ሞርድ» ይለኛል። እሞርዳለሁ። «ኧረ አበዛኸው!» ይላል።
ስቱኮ እንጨምራለን፤ ይደርቃል፤ ይሞረዳል።
አሥራ አንድ ጊዜ። ቆጥሬዋለሁ።
በአሥራ ሁለተኛው፣ ሳንቲሟ ሳትያዝ፣ ሳትወድቅ፣ ስትዞር አየሁ።

አሥራ ስምንት ብሎን። ትራፓኖ ስይዝ እጄ ተንቀጠቀጠ፣
ስንቱን የጭነት መኪና በመዶሻ የቀጠቀጠ።
ምክንያቱን በኋላ፣ መንገድ ላይ አገኘሁት፤
እኔ እስከ ዛሬ ከአደጋ በኋላ ነው የደረስኩት፤
ደሙ ታጥቦ አልቆ፣ ወይ ሳይታጠብ ቀርቶ፣
ወንበር ሥር የሕፃን ጫማ ተረስቶ።
ይኸኛው ገና ነው። ምንም አልነካውም።
ያልተጋጨ ነገር ነክቼ አላውቅም።

ፈቃዱ አልመጣም። ሞተሩም ከሚነሣበት ቀን የሚያስልበት ይበልጣል።
መምህሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ጆንያውን ይፈታል፣
ዳበስ ያደርገውና መልሶ ያስረዋል።
እኔም ከሥራ ስወጣ በዚያ በኩል እዞራለሁ፤
ከበሬሳ ነፋስ ሲመጣ፣ ጆሮዬን ወደ ጅራቱ አስጠጋለሁ፤
አያፏጭም።

ቤቴ ገብቼ፣ በሬ ሥር ጨርቅ እወትፋለሁ።
አሰገደች ብርድ ልብሱን ስታጥፍ፣ ከቀይ መስመሩ አንድ ክር
እንደጎደለ ታያለች።
አትጠይቅም።