የተፈጨ ላባ

ቀለም ሳይቆጥር ነው ቀለም የሰፈረው፣
ቬላይቻሚ፣ ጣቱ ሚዛን የነበረው።
የሲቫካሲ ምድር፣ ዝናብ የዘለለው፣
ክብሪትና ርችት፣ ወረቀት ያኖረው፣
ከአንዱ ማተሚያ ቤት፣ ከማሽኑ ኋላ፣
ጣሳን ከጣሳ ጋር ሲያስማማ፣ ሲያጣላ፣
ሃምሳ ስምንት ዓመት።
በሌባ ጣቱ ጠቅሶ፣ ወረቀት ላይ መትቶ፣
«ደም ጎድሎታል» ይላል፣ ቀዩን ትኩር አይቶ፤
ማንኪያ ይጨምራል። ባለቤቱም ያምናል፣
ማሽኑም ያምናል።

እኔ ሮለር አጣቢ፣ ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ የምሸት፣
ዕለቱን የማውቀው ጥፍሩን ሳይ ነው፣ ወደ ማታ፣ ስንወጣ ከቤት፤
ሰማያዊ ሲሆን ክሪሽናን ስናትም፣
ቀይ ሲሆን የሰርግ ጥሪ ነው፣ አልሳሳትም፤
ቢጫ የሆነ ቀን ግን ማንም አያውቅበት፣
እርዱና ቀለሙ ሩዙ ላይ ሲምታታበት።

አንድ ማክሰኞ ዕለት ሴንታማራይ መጣች፣
ከቼናይ፣ ከቤተ ሙከራ። ከቦርሳዋ አወጣች
አንዲት ጠርሙስ፣ የሩዝ እጥቢ መሳይ ያለባት።
«ቀለም ነው» አለችው።
«የቱ ጋ?» አላት።

«ማቅለሚያ የለበትም፤ ሲደርቅ ግን ይቀልማል።
ደቃቅ ኳስ ሞልቶታል፣ ሲደርቅ ይሰለፋል፤
በኳስና በኳስ መሐል ያለው ክፍተት
ጠበብ ሲል ሰማያዊ፣ ሰፋ ሲል እንደ እሳት።
ቀቢው ብርሃን ነው።»
«እንግዲህ ባዶ ልትሸጭልን ነዋ!»
ሳቅን፣ እስኪያመን። አልከፋትም እሷ።
«የጣዎስ ላባ» አለች፣ «ፈጭተው ያውቃሉ?»

ሳቁን ዋጠው።
ጣሳውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው።

ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከሙሩጋን መቅደስ
አንዲት ላባ ሰርቆ፣ ሸሚዙ ሥር ደብቆ፣ ቤቱ እስከሚደርስ
አልተነፈሰም። ቅመም በሚፈጭበት በእናቱ ድንጋይ
ያን ሰማያዊ ዓይን ሊያደርገው ቀለም፣ ማንም ሳያይ
መጁን ገፋ።
አንዴ ገፋ። ሁለቴ ገፋ። ሰማያዊው ጠፋ።
የቀረው ቡናማ ዱቄት ነው፣ የምድጃ አመድ የመሰለ፤
«ሌባ ነኝና ቀማኝ፣ ባለላባው» አለ።
ዱቄቱን በጓሮ፣ ከሙዙ ሥር ቀበረ፤
ከዚያ ወዲህ ያ ሁሉ ጣሳ፣ ያ ሁሉ ሰማያዊ፣
ዕዳ መክፈል ነበረ።

«አልቀማዎትም» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ድሮም ላባው ቡናማ ነው፤ ሰማያዊው ሰልፉ ነው፣ አጥሩና ማዕዘኑ፤
መጁ ያፈረሰው ቤቱን ነው፣ ቀለም አይደለም የባከኑ።»
ሽማግሌው ዝም። አፍንጫውን ጠረገ።
(ጋዙ ነው፣ አልን እኛ። ጋዝ ዓይን ያቃጥላል።)

ይዛ በመጣችው ትንሽ ማሽን አተምን።
ወረቀቱ ነጭ ወጣ። እርጥብ። ጠበቅን፣ ጠበቅን።
ማራገቢያው ዞረ። ከጠርዙ ሲደርቅ፣ ሲደርቅ፣
የጣዎስ አንገት ከባዶ ወረቀት ብቅ፤
አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ዘንበል ሲል ሐምራዊ።
«የቆምክበትን አይቶ መልኩን የሚለውጥ፣
እንደ ደላላ ነው» አለ፤ ወረቀቱን ግን ለማንም አልሰጥ።

«ይደበዝዛል?»
«ፀሐይ ላይ ቢሰቀል እርስዎንም እኔንም ይቀብራል።»
«የኔዎቹ» አለ፣ «ከቤቴ ግድግዳ፣
ቀዩ ቀድሞ ሞተ፣ ቢጫው ተከተለ፤
ላክሽሚ ከነሎተሷ፣ ከነሳንቲሟ ሰማያዊ ሆና ቀረች።
አብረን ነው ያረጀነው። ይህስ ከማን ጋር ያረጃል?»
ሴንታማራይ ደብተሯን ገለጠች፣
ምንም ሳትጽፍ ዘጋች።

ማታ ጨርቄን ይዤ ሮለሩ ዘንድ ቆምኩ፤
የምደመስሰው የለም። ደረቅ ብረት አሸሁ።
እሱም ቧንቧ ከፍቶ፣ እጁን አይቶ፣ ዘጋ።
ሻይ ሻጩ ብርጭቆ ሲያቀብለው፣ ከአምፖሉ ሥር፣ መንገድ ጋ፣
«ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?» አለው።
እሱ አልሰማም። ሌባ ጣቱን አቁሞ ወዲያ ወዲህ ያዘነብላል፤
ከጫፉ ላይ፣ ደርቃ፣ አንዲት ጠብታ፣
አንዴ ትጠፋለች፣ አንዴ ሰማያዊ።
ሻዩ በረደ።