ተራ

ሦስት ደብዳቤ አለኝ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፣
አይጥ ይቀድመኛል ብዬ ከሣጥን ውስጥ ጥዬ።
ያሳተምኳቸው ፍኖተ ሰላም፣ ዳምጤ ሱቅ፣ ከመናኸሪያ፣
ገጹ አሥር ብር ሆኖ፣ ለቀለሙ ሌላ መጨመሪያ።

አንዱ ከጄኔቫ ነው፤ ስሙ እንደ ደወል የሚጣራ፣
ክፍያው ግማሽ ቢቀነስም፣ ግማሹ የጮቄ ተራራ።
አንዱ ከአዲስ አበባ፤ የማታ፣ ከሥራ በኋላ፣
በታክሲ ሰልፍ ቆሜ፣ ቁራሽ በመንገድ ስበላ።
ሦስተኛው ከናይሮቢ፤ ሙሉ ወጪዬን ችሎ፤
ስሙን ስጠራ ግን «ማን?» ይላል ሰው፣ ጆሮውን አዘንብሎ።
ሦስቱም የሚያስተምሩት አንድ ነው፦ ዓለም አቀፍ ጉዳይ፤
አገር ካገር ሲኳረፍ በምን ዘዴ እንዲተያይ።

ወንድሜ ምናሉ፣ በኢሱዙው ከቡሬ አዲስ አበባ የሚመላለስ፣
ከእጁ ላይ የሞተር ዘይት በቡትቶ ጨርቅ ሲያብስ፣
«እሺ፣ ጨርሰሽ ስትመጪ ምን ትባያለሽ?» አለኝ፤
«ዶክተር? ኢንጂነር? ጠበቃ?» መልስ አልነበረኝ።
«ተንታኝ» ብዬ ሞከርኩ። «የምን?» «የ... የግንኙነት።»
«ግንኙነት ይተነተናል?» ብሎ ስቆ ተመለሰ ወደ ጭነት።

ይታይሽ፣ ባንክ ያለችው፦ «አንቺንማ ማን ያይሻል?
ማኅተሙ ቀድሞሽ ይገባል፤ በር ሳትደርሺ ያስጠራሻል።»

ሌሊት ደብተር ዘርግቼ አሰመርኩ፣ ሦስት ዓምድ አቆምኩ፤
ዕዳ፣ ደመወዝ፣ የምሩቃን ሥራ፣ ቀነስኩ፣ ደግሞ ደመርኩ።
ከጄኔቫ የወጣ ይቀጠራል አሉ፣ በትልቅ መሥሪያ ቤት፤
መጀመሪያ ግን ዓመት በነጻ ነው፣ «ልምድ» እየበሉበት።
ከአዲስ አበባ የወጣ ይይዛል ማመልከቻ፣
ለአንድ ወንበር ከሺህ ሰው ጋር ይሰለፋል፣ ለፈተና ብቻ።
ከናይሮቢ የወጣ? ቁጥር አጣሁ፤ ዓምዱ ባዶውን አደረ።

በማግስቱ ወረዳው ላከኝ፣ ቃለ ጉባዔ ልይዝ፣
ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ሲናቆር በአንድ ወንዝ።
ሚያዝያ ነው፤ ሽንኩርቱ ጠውልጓል፣ ቦዩ እንደ ክር ቀጥኗል፤
የላዩ «ምንጩ ከኔ ማሳ ነው» ይላል፣ የታቹ «ከጥንት ጠጥተናል።»
የውሃ አባት አቶ አያልሰው፣ አንዲት ሸምበቆ ይዘው፣
ማንንም ሳይቆጡ፣ የቦዩን ዳር ዳር ተጉዘው፣
ጥልቀቱን ለኩ፤ ዝም አሉ፤ ደግሞ ለኩ፤ ተቀመጡ፤
ሁለቱ ወገን ተሳድቦ እስኪደክመው ጊዜ ሰጡ።
ከዚያ፦ «ቀን ለላይ፣ ሌሊት ለታች፤ ዓርብ ለመበለቶች።
ተራ ነው እንግዲህ፤ ከተራ በላይ ዳኛ የለም፣ ልጆች።»
ጻፍኩት። ፈረሙ፣ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው፤
ባላንጦቹ አብረው ወረዱ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ተማክረው።

«ባሕር ተሻግረሽ፣ አሉ፣ ዕርቅ ልትማሪ?»
«አዎ» አልኳቸው። «ደግ። ብቻ በብድር እንዳትጀምሪ፤
ባለዕዳ ሽማግሌ ሚዛኑ ያጋድላል፤
ቦዩን ሳይለካ በፊት አበዳሪውን ያያል።»

ማታ ደብተሬን ከፈትኩ፤ ባዶው ዓምድ እዚያው አለ።
ምን ሥራ ይቆየኝ ይሆን፣ የሚነግረኝም የለ።
ፈራሁ። የጄኔቫን ስም አነበብኩት፣ ጮክ ብዬ፤
አምሮኝ ነበር። አጠፍኩት፣
የልጅነት ቀሚስ ይመስል ከሣጥኑ ታች ጥዬ።

ምናሉ ደወለ ከደጀን፣ አባይ በረሃን ሊወርድ ሲል፦
«የቱን መረጥሽ? የታወቀውን? ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?»

«ተራውን» አልኩት።

«ተራ?!» አለ፤ ሞተሩ ጮኸ፤ መስመሩ ተቆረጠ፤
ሰሙን ይዞ ወረደ እሱ፤ ወርቁ እኔ ዘንድ ተቀመጠ።