የነቃ ብርሌ

ሰኞ፣ ጎህ ሳይቀድ። በርገን ይዘንባል።
ትናንት የጠጣሁት ደሜ ውስጥ ያድራል።
አውቶቡሷን ላስነሣ ቱቦዋን ነፋሁ፤
ትንፋሼን አሸተተች፤ ቆሜ ጠበቅሁ፤
ቀይ መብራት በራ።
ሞተሩ ዝም አለ፣ እኔም ከእርሱ ጋራ።

ሚስቴን ዋሽቻለሁ፣ ሐኪሜን፣ አለቃዬን፤
በማስቲካ ሸፍኜ ዓመታት ጉዴን፤
ጣት የምታህል ቱቦ ግን አነበበችው ሆዴን።
ፌርማታው ላይ ስድስት ሰው፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ፣
ያየኛል በመስታወት፤ ሰዓቱንም አይቶ
መልሶ ያየኛል።

ቶሩን፣ የጋራዡ ኃላፊ፣ አልተቆጣችኝም፤
ቁልፉን ተቀበለች፤ "ለምን?" አላለችኝም።
ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፈች፦
ሐሙስ፣ በሰባት ሰዓት። ምድር ቤት። ደወል የለውም፤ ግፋው።
"የማን ቤት ነው?" አልኳት።
"የእኔ" አለች። "ዘጠኝ ዓመቴ።"
ያን ጊዜ ነው ዓይኗን ያየሁት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ።

ሐሙስ መጣ። የነሱ ሰባት በእኛ አንድ ሰዓት ነው፤
"ሰዓቱ ተምታታብኝ" ብዬ ልቅር? ልቤን አሰኘው፣
እዚህ አሥራ አንድ ዓመት የኖርኩትን ሰው!

የመጀመሪያውን በር ስከፍት፣ መዘምራን ነበሩ፤
ነጭ ፀጉር ሽማግሎች አፍ ከፍተው የቀሩ።
"ቴኖር ነህ ወይስ ባስ?" አሉኝ ደስ ብሏቸው፤
እውነቱን ከመናገር፣ ዘፍኜ ልሙት አልኩ፣ ቁጭ ብዬ መሃላቸው።

በዚያና በሚቀጥለው በር መካከል አንድ መጠጥ ቤት አለ።
(ይህን ሳልናገር ባልፍ፣ ውሸቴ ቀጠለ።)
ውስጡ ይሞቃል፤ ቀጂው ስሜን ያውቃል፤
ልቤ ቢያመነታ እንኳ፣ እግሬማ መንገዱን ያውቃል።
ቆምኩ። ጫማዬን ውሃ ሞላ።
ውሃ ብቻ ሲሞላኝ፣ ከስንት ዘመን በኋላ!

ሁለተኛው በር ሹራብ ሠሪዎች።
አንዲት ሴትዮ መርፌዋን ሳታቆም፣
"ከኋላ ነው ልጄ፣ በጓሮ" አለች፤
"ሁሉም አስቀድሞ እዚህ ነው የሚመጣው።"

ጓሮውን ዞርኩ። የቆሻሻ ገንዳ፣ ሰንሰለቱ የወለቀ ብስክሌት።
እጄን ሰደድኩና እንጨቱን ነካሁ፤
ያልተቆለፈ በር እንዲህ ይከብዳል ለካ! አልኩ፤ ገፋሁ።

ስምንት ሰው። የፕላስቲክ ወንበር። ብስኩት በሳህን።
ዓሣ አጥማጁ ጋይር ስለ ልጁ አወራ፣
ወደቡ ላይ ረስቶት በጀልባ እንደሄደ፤
እያወራ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ወረደ።
ማንም "አይዞህ" አላለው። ማንም ፊቱን አላዞረ።
ዝምታው ራሱ አጠገቡ ተቀምጦ አደረ መሰለኝ።

ተራው ደረሰኝ።
በነሱ ቋንቋ ቃሉ ቀላል ነው፤
ሳይነካኝ ያልፋል፣ የተዋስኩት ልብስ ነው።
በእኔ ቋንቋ ግን "ሰካራም" ሲባል
አጥር ተደግፎ ከራሱ ጋር የሚጣላ፣
ልጆች የሚከተሉት፣
እናቱ በሰው ፊት ስሙን የማትጠራው ሰው ነው።
ስለዚህ በአማርኛ አልኩት።
"እንዳሻው እባላለሁ፤ አባቴ እንደ ልቤ እንድኖር የሰየመኝ፤
ሹፌር ነኝ፤ ግን መጠጥ ነው፣ እንዳሻው፣ ዓመታት የነዳኝ።
ሰካራም ነኝ።"
ቃሉ አልገባቸውም። እኔ ግን ገባኋቸው።
ጋይር ብስኩቱን ወደ እኔ ገፋው።

ስወጣ ሹራብ ሠሪዋ በመስኮት አየችኝ፣
መርፌዋን ከፍ አድርጋ ሰላም አለችኝ።
ፌርማታው ላይ ቆምኩ፣ ዛሬ እንደ ተሳፋሪ፤
ትዝ አለኝ የጠጅ ቤት ተረት ነጋሪ፦
"ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ"፤
እኔም አብሬ ስል ኖሬ ነበር፣ በሞቅታ፣ በጫጫታ።
ብርሌ ነቃ ማለት ተሰነጠቀ ነው።
ሰው ሲነቃስ?
ይህን የሚነግረኝ የለም፣ ከዚያ አግዳሚ ላይ።

አራተኛ ቀኔ ነው።
አውቶቡስ መጣ፤ ሹፌሩ የማላውቀው ልጅ፣
ንጋት ላይ ነፍቶ የተፈቀደለት።
ወረቀቱን በእጄ ጨብጬ፣ እርጥቡን፣
ከኋላው ተቀመጥኩለት።