ዳክዬ

የመጣሁ ሰሞን ነው፣ ስቶክ የሚሏት አገር፣
የሸክላ ምድጃው በርዶ ከቆመበት መንደር፣
አውቶብስ ልሳፈር ሳንቲም ስቆጣጥር፣
ሾፌሯ ሴትዮ ቀና ብላ አይታ
«ግባ እንጂ ዳክዬ» አለችኝ በደስታ።
ዳክዬ!
ሄጄ ተቀመጥኩኝ ያልሰማሁ መስዬ።
ማታ መስታወት ፊት አንገቴን ለካሁት፣
አረማመዴንም ሄድ መለስ እያልኩኝ ታዘብኩት፤
ከዳክዬ ጋራ አንድም ዝምድና አጣሁለት።

በሦስተኛው ሳምንት ነገሩ ተገለጠ፤
ፖስተኛው «ዳክዬ» ተብሎ ተቀመጠ፣
ፖሊሱም፣ ቄሱም፣ የባንክ ሥራ አስኪያጁም።
ለካ «ዓለሜ» ማለት፣ «የኔ ጌታ» ማለት ነው፤
ቃሉ የወፍ ሆኖ ሆዱ የሰው ሆድ ነው።

እኛ እንኳ የጻፍነውን ነው የምናነበው፤
ይጥበቅ ወይስ ይላላ፣ ጠባችን ይኸው ነው።
እዚህ ግን ፊደሉን ይሉኝታ ያጠቃዋል፤
ግማሹ ተጋብዞ ይመጣል፣
ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣
አንድ ቃል ሳይተነፍስ ግብዣው ያበቃል።
የምጦራቸው ሽማግሌ፣ በራቸው ላይ «ኮልክላፍ» ይላል።
እንዳየሁት ጠራሁ።
«ኮክሊ ነው የሚባለው» አሉኝና
ይቅርታ ጠየቁኝ፣ እኔ ባጠፋሁ።

ይቅርታን ካነሣን አይቀር፦
ገበያ ውስጥ በጋሪ የአንዲቷን ተረከዝ ገጭቼ
«ይቅርታ» ያለችው እሷ ናት፤ እኔ ቀረሁ አፌን ከፍቼ።
በኔ ግምት ይህ ቃል ባለቤት የለውም፤
መንገድ ላይ ወድቆ ነው የሚገኘው፣
ቀድሞ ያየው ያነሣዋል፤ ጥፋተኛ አይጠይቅም።

«ደስ የሚል ሐሳብ ነው» ካሉህ፣ ሐሳብህን ቅበር።
«አንድ ቀን ቤት ብቅ በል» ካሉህም፣ ያ ቀን
የተቆጠረበት ካሌንደር አልታተመም።
እኔ ግን ሄድኩ፤ እሑድ፣ አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዤ።
ኪት በፒጃማ ከፈተልኝ።
ስለ ዝናቡ አወራን፤ እሱ ከውስጥ፣ እኔ ደጃፍ ላይ ፈዝዤ።
ብርቱካኑን ግን ተቀበለኝ።
ቅኔ የኛ ብቻ የሚመስለው እዚህ ይምጣና ይማር፤
ሰሙን አቅልጬ ወርቁን ስፈልግ
ከሥሩ ሌላ ሰም ነበር።

ቅኔ የማይወድም አይጠፋም።
አንድ ምሽት ከሥራ ስመለስ፣ ሰውየው ከመጠጥ ቤት ወጣ፣
«ሂድ ወደ ቤትህ!» አለኝ በቁጣ።
«እየሄድኩ ነው» አልኩት፤ «ሃያ አንድ ቁጥር ልትመጣ
ስድስት ደቂቃ ቀርቷታል።»
ግራ ገባው። ሰሌዳውን አየ፣ ሰዓቱን አየ።
«ዛሬ ዘግይታለች» አለና አብሮኝ ቆሞ ቆየ።
ይህን ከጥላቻም ከፍቅርም አልመደብኩት፤
ፌርማታ ላይ አገኘሁት፣
ፌርማታ ላይ ተውኩት።

ሚስተር ኮክሊን በየጠዋቱ «እንዴት አደሩ?» እላቸዋለሁ፤
«ብዙም አይከፋም።»
እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ ሲል፣
«ብዙም አይከፋም።»
ገና አልፎ ልጃቸው ሳትመጣ፣
ኬኩ እንደታሰረ ሲደርቅ፣
«ብዙም አይከፋም ዳክዬ።»
በመጨረሻው ማክሰኞ፣ አፋቸው በኦክስጅን ተሸፍኖ፣
እንደ ልማዴ ጠየቅኳቸው።
መዳፋቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡና
ወዲያና ወዲህ፣ ትንሽ፣ አወዛወዙት።

ቀብሩ ሃያ ደቂቃ ፈጀ።
ጮክ ብሎ ያለቀሰ እኔ ብቻ ነበርኩ፤
ሰው ሁሉ ጫማውን አየ።
ልጃቸው ግሌኒስ ሳንድዊች በሳህን ይዛ መጣችና
«ይቅርታ» አለችኝ።
የትኛው ይቅርታ እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤
ሳንድዊቹን ተቀበልኩ።

ትናንት እህቴ ደወለች፤ «እንዴት ነህ ወንድምዓለም?»
«ብዙም አይከፋም» አልኳት።
ዝም አለች፤ ትንፋሿ ብቻ መስመሩ ላይ።
«ምን ሆነህ ነው? እውነቱን ንገረኝ፤
አሞሃል ወይ?»