ሁለት ጣት

በበርበሬው ሽያጭ፣ በክረምት ቁጠባ፣
አርባ አንድ ሺህ ብር ከኪሴ ሲገባ፣
ጻፍኩ፤ የጌም ኮምፒውተር፣ ዕቃ ከነዋጋ፣
ስደምር፣ ስቀንስ፣ ቡሬ ላይ ነጋ።

ደብተሬን ገለጠው አባቴ አንሙት፣
ለስንቱ ጎረምሳ የጠየቀ ሚስት።
«ይህ ፕሮሰሰር ያልከው ከማን የሚወለድ?
ከዚህ ማዘርቦርድ ጋር ይችላል መዋደድ?»
«ሶኬቱ ሌላ ነው፤ አይገባም በግድ።»
«ሰርዘዋ!
ስንት ትዳር አየሁ በሳምንቱ ሲናድ።»

ራሙንም ሰረዝኩ፣ ትውልዱ ለየቅል፤
ካርዱን ግን አልነካ፣ ጦሜን ውዬ ልክፈል።
ፓወር ሳፕላዩ ላይ ስምንት መቶ ብቀንስ፣
«በከሲታ በሬ ስንት ጥማድ ሊታረስ?
መልስ!» አለኝ።
መለስኩ።

ሐሙስ ካዲስ አበባ ካርቶኑ ሲመጣ፣
ሁሉም ገጠመና፣ ካርዱ ሁለት ጣት ወጣ።
ኬዙን አልለካሁም።
በያጁ ይርሳው
በመጋዝ ከጎኑ አንድ መስኮት ቀደደው።

አሁን በዚያ መስኮት፣ ጓዳ ካለው ጆንያ
የበርበሬ ብናኝ ሾልኮ ይገባል፤
ጨዋታው ሲፋፋም፣ ፋኑ ሲያራግበው፣
ከሳሎን አባቴ
ሦስቴ ያነጥሳል።