ወራጅ አለ

አዜኖር ፓሪስ ላይ መስኮቱን ተጠግታ፣
ሁለት መስመር ሣለች ቁጥር አሰናድታ።
አንዱ ሰማያዊ፣ ሽቅብ የሚወጣ፣
በየሩብ ዓመቱ አዲስ ሰው ያመጣ፣
በኢንተርኔት ስልክ የሚያወራ ደምበኛ፣
ከሊማ እስከ ሴኡል ሌሊት የማይተኛ።
ሌላው መስመር ቀይ ነው፣ የመዳቡ ሽቦ፣
ይንሸራተታል ቁልቁል ዓመታቱን ስቦ።
ጭብጨባው ለወጪው፣ ሻምፓኙ ለወጪው፤
“ወራጅ አለ!” ብሎ ማነው ለቀይ ጯሂው?

ወራጁን የሚያወርድ አንድ ሰው ግን አለ፣
በብሬታኝ ጠረፍ ምሰሶ ላይ ዋለ፤
ጉልቬን ነው ስሙ፣ የአዜኖር አባት፣
ጡረታ ሊወጣ የቀረው አንድ ዓመት።
አባቱ የሰቀለውን እሱ ይፈታዋል፣
እንደ ልቃቂት ክር ይጠቀልለዋል።
መዳቡ ኪሎ አለው፤ ወሬውስ የት ገባ?
በቀጭኑ ሽቦ ያለፈ ሳቅ፣ እንባ፣
ስንት እርቅ፣ ስንት ብድር፣ ስንት “ወንድ ወለደች”፣
ስንት “አይ፣ የለችም፣ አሁን ነው የወጣች”።

ሶዋዚግ የምትባል፣ ሰማንያ ያለፋት፣
ከመብራቱ ማማ ሥር አንድ ድንጋይ ቤት አላት።
“ሣጥን አልፈልግም!” ብላ በር ዘግታበት፣
ሦስት ጊዜ መለሰችው፤ በአራተኛው ገባበት።
አረንጓዴ ዓይኑን የሚጠቅስ ሣጥን፣
ከቴሌቪዥኑ ጎን ያዘ አዲስ ሥልጣን።

ልጇ ታንጊ ቺሊ ነው፣ ወጥ ቤት የሚሠራ፤
ድሮ በደቂቃ ነው እናቱን የሚያወራ፣
ሂሳቡ እየሮጠ፣ ቃል ከቃል ተጋፍቶ፣
“ደኅና ነሽ?” “ደኅና ነኝ” — መስመሩ ተዘግቶ።
አሁን ግን አለቀ፤ ቆጣሪው ሞተና፣
ዝምታም ረከሰ፣ ደሃ ገዛውና፤
ሽንኩርት ሲቁላላ ከዚያ ማዶ ሰምታ፣
ሹራብ ትሠራለች ስልኩን ክፍት ትታ።
እሱም አይናገር፣ እሷም አትጠይቅም፤
እንዲህ ያለ ጨዋታ በድሮው ዋጋ አይታሰብም።
ልክ ናት አዜኖር፤ ሰማያዊው ይውጣ፣
እንዲህ ያለ ዝምታ ይዞ እስከመጣ።

ኅዳር ላይ ነው ታዲያ፣ ባሕሩ ተቆጥቶ፣
ነፋሱ ሌሊቱን ከምዕራብ መጥቶ፣
መብራት ድርግም አለ፤ ሣጥኑም ተከተለ፣
ዓይኑን ከደነና “ደኅና እደሪ” አለ።
መዳብ የራሱ እሳት በደም ሥሩ ነበረው፣
አገር ቢጨልምም ጨለማ የማያግደው።
ድር ቢያብር አንበሳ ማሰሩን ሰምቻለሁ፤
ነፋስን ሲያስር ግን ገና እጠብቃለሁ።

ጉልቬን ተነሣ፤ ደወለ፣ አትመልስም፤
ደግሞ ደወለላት፤ ጭር… ምንም የለም።
ካፖርቱን ደረበ፣ መኪናውን አስነሣ፣
የወደቀ ግንድ ከመንገድ እያነሣ፣
ደረሰ። አገኛት ጨለማ ቤት ቁጭ ብላ፣
ያሮጌውን ስልክ እጀታ በጆሮና ትከሻ አንጠልጥላ።
“ምን ትሰሚያለሽ?” ቢላት፣ “ድሮ ይጮኽ ነበር፣
እንደ ንብ ቀፎ ድምፅ፣ ሳላናግረው ሲናገር።
ንቦቹን የወሰድክ አንተ ነህ?” አለችው፤
እጁን ኪሱ ከተተ። መልስ አጠረው።

ሲነጋ አዜኖር ደውላ ከፓሪስ፣
“አባዬ፣ መስመሩ ወጣ! አዲሱን ብታይስ!
ከናንተም መንደር አንድ፣ ትናንት የገባ አለ።”
“ትናንት ሌሊት” አላት፣ “ሥዕልሽ ላይ የት ዋለ?”
ፈለገች። ነጥብ ከነጥብ ቀጥ ብሎ ተገናኝቷል፤
በሁለቱ መካከል አንድ ሌሊት ጠፍቷል።

ጉልቬን ከጥቅሉ አሥር ክንድ ቆረጠ፣
ለኩባንያው ሳይነግር ካፖርቱ ውስጥ ሸጎጠ፤
በሚያዝያ ሶዋዚግ ቦሎቄ ስትተክል፣
ወጠረው ሽቦውን፣ ሐረጉን እንዲሰቅል።
ሰኔ ላይ አደገ፤ ተጠምዝዞ ወጣ፣
በወራጁ መስመር አበባ አመጣ።
ሶዋዚግ በሣጥኑ ለልጇ ነገረችው፤
“ይህኛው ወርሃዊ ሂሳብ የለውም” አለችው።

ከማዶ ሽንኩርት ይቁላላል።